መስኮቱ ላይ የመታሁት ቆርቆሮ

ይህን የምጽፈው ለልጆቼ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያነበውም ቅር አይለኝም። በዕድሜዬ ካጠፋኋቸው ነገሮች አብዛኞቹን ያጠፋሁት በአፌ ነው። ይህኛውን ግን በአፌም በእጄም ነው፤ በመዶሻና በምስማር። ስለዚህ ሌላ ሰው ከሚያወራው ራሴ ብጽፈው ይሻላል።

ትምህርት ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ብቻዬን ነው። ቴፒ አካባቢ የቡና እርሻ ላይ ቀን ሠራተኛ ሳለሁ፣ ሳሙናና ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያስተካከልኩ አነብ ነበር። የቡና መፈልፈያ ማሽን ጥገናንም ማንም አላሳየኝም። የቆመ ማሽን እፈታለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ፣ ከእጄ የተረፈውን ብሎን አይቼ የት እንደተሳሳትኩ እፈልጋለሁ። እንዲህ የተማረ ሰው አንድ ድክመት አለበት። ያወቀው ነገር ሁሉ በላቡ ያፈራው ንብረት ይመስለዋል፤ የነካበትን ሰው እንደ ሌባ ያያል። እኔም እንደዚያ ነኝ። ሰፈርተኛው «ፕሮፌሰር» ይለኛል። ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ፌዝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አክብሮቱን ብቻ ነበር የምሰማው።

ቤታችን አማን ዳር፣ ተዳፋት ላይ ነው። ሳሎንና መኝታ ቤት፤ ሁለቱም መስኮቶች ወደ ኮረብታው ያያሉ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቡና ባለቤቴ በእጇ ነው የተከለችው። የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደች ዓመት ችግኙን በጀርባዋ ተሸክማ ከወንዙ ማዶ አመጣችው። እኔ ያን ጊዜ ማሽን ላይ ነበርኩ። አንዷንም እግር አልተከልኩም።

የክረምቱ መጨረሻ ላይ ኮረብታው ላይ የስልክ ማማ ተተከለ። መጀመሪያ ደስ አለን። ከዚያ በፊት ስልክ ለመደወል ሙዝ ተክሉ ውስጥ ያለች አንዲት ጉቶ ላይ መቆም ነበረብን፤ ዝናብ እየደበደበን «ሃሎ፣ ይሰማል?» እንላለን። አሁን አልጋችን ላይ ሆነን ማውራት ቻልን። ሚዛን ዩኒቨርሲቲ ጤና የምታጠናው ልጄም ቅዳሜና እሁድ እቤት ስትመጣ ትምህርቷን ከስልኳ ማንበብ ጀመረች።

ወሬው የመጣው ከለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን አንድ እንግዳ «በእኛ አገር ማማ ከተተከለ ወዲህ ቀፎዎቹ ባዶ ቀሩ» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ የአጎቱ ላም ጽንስ አስወረደች አለ። አንዲት እናት ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ራሴን እያለች እንደምታለቅስ ተናገረች። ትምህርት ቤቱ ከኮረብታው ሥር ነው። ከዚያ ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩ።

«ፕሮፌሰር፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። እኔ ግን «እስቲ ልየው» አልኩ፤ በሰው ፊት እስቲ ልየው ያለ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይዞ መመለስ አለበት።

እቤት ገብቼ ስልኬ ላይ «የስልክ ማማ ጉዳት» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ሳስበው ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል። ጉዳት ብሎ ለጠየቀ ሰው ጉዳት ይመጣለታል። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ስለ ጨረር ሲያወራ የሚያሳይ ቪዲዮ መጣልኝ። አንዱን ሳይ ሌላው ይከተላል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይብሳል። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ የጆሮ ጩኸት ይላሉ። በለቀማ ወር ከእነዚህ አንዱ የሌለበትን የቡና ገበሬ አሳዩኝ! ግን ያን ጊዜ እንዲህ አላልኩም። ጆሮዬን አዳመጥኩ፤ ይጮሃል። ዕድሜዬን ሙሉ መፈልፈያ ማሽን አጠገብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ መጮህ ከጀመረ ቆይቷል። ያን ቀን ግን እንደ አዲስ ሰማሁት። ይህን ሁሉ ያየሁት በዚያው ማማ ኔትወርክ መሆኑ ትዝ አላለኝም።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ራሷን ይዛ መነሳት ጀመረች። ግንባሯ ላይ በሻሽ ታስራለች፤ ማቅለሽለሽም አለባት። እኔም ራሴ ይከብደኝ ነበር። ማማው ከፊት ለፊታችን ቆሟል፤ ቀይ መብራቱ ይበራል። ሌላ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገኝም።

ደብተር ገዛሁ። በየጠዋቱ ዓይኗን ከመግለጧ «ራስሽን አመመሽ?» እላታለሁ። አዎ ካለች ቀኑን እጽፋለሁ። ደህና ነኝ ካለች ምንም አልጽፍም። በወሩ መጨረሻ ደብተሬ ውስጥ ያለው ሕመም ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት እንዲህ አለችኝ፦

«ሳትጠይቀኝ በፊት አላመመኝም ነበር። ስትጠይቀኝ ግን ፈለግሁት፤ አገኘሁት።»

ይህንንም ለጨረሩ ማስረጃ አድርጌ ጻፍኩት።

ከዚያ ቆርቆሮ አመጣሁ። ጨረር ብረት አያልፍም የሚል አንብቤ ነበር። ሁለቱንም መስኮቶች ከውጭ በቆርቆሮ ሸፍኜ ዙሪያውን በምስማር መታሁ፤ ክፍተቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀጠቅሁ። ብርሃን የማይገባበት ቤት ሆነ። ቀጥሎ እሁድ እድር ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ስለ ሞገድ፣ ስለ አንጎል፣ ስለ ብረት፤ እንደ ሰባኪ ነበር የተናገርኩት። በሳምንቱ ስድስት ቤቶች እንደኔው መስኮታቸው ላይ ቆርቆሮ መቱ። ልጇ የምታለቅስባት እናት ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስቀረቻት። እኔን አመስግና ነበር ያስቀረቻት።

ያልተቀበለኝ የማማው ጥበቃ ብቻ ነበር። የድሮ የእርሻ ጓደኛዬ ነው፤ ከማማው ሥር በቆርቆሮ ክፍል ይኖራል። ጉንጩ ሞልቶ፣ ሆዱ ገፍቶ ሳገኘው ተናደድኩ።

«አንተን ምንም አላመመህም?»

«አሞኛል እንጂ! ሚስቴ ጅማ ከሄደች ወዲህ ናፍቆት ሊገድለኝ ነው።»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም። ፕሮፌሰር፣ እኔ እኮ ከሥሩ ነው የማድረው። ጨረሩ እኔን ዘሎ አንተ ጋ የሚሄደው ምን በድለኸው ነው?»

«አንተ ለምደኸዋል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል መልመዱ? ባለቤትህን ላካትና እዚህ ትልመድ፤ ሻይ አፈላላታለሁ!»

ጥዬው ሄድኩ። የታመመ ሰው ሳገኝ ማማው አሳመመው እላለሁ፤ ጤነኛ ሳገኝ ለምዶት ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከየትኛውም በኩል ብትገፋው አይወድቅም። አይወድቅም ማለት ግን እውነት ነው ማለት አይደለም። ይህን ልጆቼ ልብ ብላችሁ ያዙልኝ።

ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ሕመሙ ባሰ። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ከአልጋ ስትነሳ ወደቀች። ቅዳሜ ልጄ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ያዘች።

«አባዬ፣ ይህ ቤት እኮ አየር የለውም። ከሰሉን ለምን አታወጡትም?»

ስለ ከሰሉ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር ቡና የሚለቀምበት ወር ዝናቡ አይለቅም። ውጭ የተሰጣው ቡና ሳይደርቅ ዝናብ ሲመጣበት እንዳይሻግት ወደ ሳሎን እናስገባዋለን፤ ወለሉ ላይ እናሰጣውና መሀሉ የከሰል ምድጃ እናኖራለን። ከሰል ሰው አፍኖ እንደሚገድል የማያውቅ የለም። ግን ሁላችንም ያደግንበት አንድ እምነት አለ፤ የሚገድለው ጥቁር የሆነው፣ ያልተቀጣጠለው ነው፤ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍሙ ቀይ ከሆነ በኋላ ቢገባ አይጎዳም እንላለን። ባለቤቴም ሁልጊዜ ደጅ አቀጣጥላ፣ ፍሙ ሲቀላ ነበር የምታስገባው።

«ፍሙ ቀይ ነው» አልኳት።

«ቀይም ቢሆን መርዝ አለው አባዬ። ሽታ የለውም፣ አይታይም።»

«የማይታይ መርዝማ ያ ነው!» ብዬ ወደ ኮረብታው ጠቆምኩ። «ሁለት ዓመት ተምረሽ እኔን ልታስተምሪኝ?»

ዝም አለች። ልጆቼን ዝም ማሰኘት እችልበት ነበር። እንደ ጥሩ አባትነት እቆጥረው ነበር።

ከማማው እንድትርቅ ብዬ ባለቤቴን ደጋው ላይ ጌጫ፣ ታላቅ እህቷ ዘንድ ላክኋት። በሁለት ሳምንት ውስጥ በስልክ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ትስቃለች፤ ራሷን አንድም ቀን አላመማትም። በቃ፣ ተረጋገጠ አልኩ። ቤቱንና ቡናውን ሸጬ ማማ የሌለበት ቦታ ለመሄድ ወሰንኩ። ገዢም ተገኘ፤ ተስማማን። የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነበር። በስልክ ነገርኳት።

«ቡናውንም?» አለችኝ።

«ቡናውንም።»

«እንግዲያው ፊርማዬን ከፈለግህ መጥተህ ፊት ለፊት ጠይቀኝ።»

በማግስቱ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ በቴፒ በኩል ጌጫ ወጣሁ። ጌጫ ስደርስ ጉም ነበር፤ የሰው ፊት ከአሥር እርምጃ አይለይም። ባለቤቴ ጋቢ ለብሳ እንሰቱ ሥር ቆማ አገኘኋት። ጉንጯ ቀልቷል። እህቷ፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ባል የሞተባቸው ምላሰኛ ሴት ናቸው።

«መጣህ? ስትልካት እኮ ሬሳ ነበር የላክህልኝ» አሉኝ። «ልብሷ ሁሉ ከሰል ከሰል ይሸት ነበር። ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት። ምን ታደርጋታለህ፣ እንደ ሥጋ ታጥናታለህ?»

«ቡና እያደረቅን ነው እትዬ።»

«እዚህ እሳቱ ማድ ቤት ነው። መኝታችን ብርድ ነው፤ በጋቢ ነው የምንተኛው። ይኸው ዳነች።»

የዳነችው ማማ ስለሌለ እንደሆነ ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው። የመንደሩን አየር አመሰገንኩ። እግዚአብሔር ንጹሕ አድርጎ የጠበቀው ቦታ ነው አልኩ። እትዬ አላቋረጡኝም፤ የተቀቀለ ጎደሬ እየላጡ ጨረስኩ እስክል ጠበቁኝ።

«ስትደውልላት የት ቆማ ነበር የምታወራህ?» አሉኝ።

«እዚሁ ግቢ ነዋ።»

«ኔትወርኩ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል? ከእንሰቱ?»

እሳቸው ምንም ሳይጨምሩ ጎደሬውን አቀረቡልን። ገና ሳንጨርስ ነፋስ ተነሳ፤ ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ቀስ እያለ መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ የጎረቤት ጣሪያ ታየ፣ ቀጥሎ ዛፎቹ። ከዛፎቹ በላይ፣ እኛ ቤት ካለው ይልቅ ቀርቦ፣ የስልክ ማማ ቆሟል። ከእትዬ አጥር ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችው። ሰሞኑን ሁሉ ጉም ስለነበር እሷም አላየችውም። እጇ ሳታውቀው ወደ ግንባሯ ሄደ።

«ምነው?» አልኳት።

«አሁን… አሁን አመመኝ» አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «አሁን ነው የጀመረኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥሩ ተኝቼ!»

እትዬ ሳቁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም፤ እንባዋ መጣ። «ታዲያ አብጃለሁ ማለት ነው?» አለች።

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። አላበደችም። ራሷን በእውነት አሟታል፤ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። ሕመሙን ያመጣው ግን ማማው ሳይሆን ፍርሃት ነው። ፍርሃቱን ደግሞ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ዓይኗን ከመግለጧ የዘራሁት እኔ ነኝ። «አላበድሽም፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አልኳት። ባል ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ጥፋቱ የኔ ነው ስላት የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። እሷም ገርሟት ራስ ምታቷን የረሳች መሰለኝ።

ስለ ፊርማው አላነሳሁም። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ አንድ ነገር ነገረችኝ። «በለቀማ ወር እኮ በየዓመቱ ያመኛል። ማማው ሳይኖርም ያመኝ ነበር። ድካም ነው ብዬ ዝም እላለሁ።»

በየዓመቱ። ከሰሉም በየዓመቱ ነው የሚገባው።

ማሽን ሲበላሽብኝ አንድ ሕግ አለኝ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ። ሁለት ነገር አብሮ የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም። ለብረት የምጠብቀውን ሕግ ለሚስቴ አልጠበቅሁም ነበር፤ ጌጫ ስልካት ማማውንም፣ ከሰሉንም፣ የእኔንም ጥያቄ በአንድ ቀን ነው የቀየርኩት። ስለዚህ እቤት ስንደርስ ልጄን ጠርቼ ጠየቅኋት። ከእሷ መጠየቅ ቀላል አልነበረም።

«ከየቱ እንጀምር?»

ፊቴን አየችው፤ ቁጣ ፈልጋ ይመስለኛል። «ከሰሉ ዛሬውኑ ይውጣ አባዬ። እሱ የሚገድል ነው፣ ለሙከራ አይቆይም» አለች። «በሩም ክፍት ይሁን። ቆርቆሮው ከፈለግህ ይቆይ። እማዬን ደግሞ አትጠይቃት።»

ከሰሉን አወጣን። ለቡናው ደጅ ዳስ ጣልንለት፤ በላስቲክ ሸፈንነው፤ ጥቂቱ ሻገተ፤ ይሻግት። ልጄ እናቷን ጤና ጣቢያ ወስዳም አስመረመረቻት። እኔ ደብተሬን ዘጋሁ። በየጠዋቱ ጥያቄው አፌ ላይ እየመጣ መልሼ እውጠው ነበር። በሳምንቱ የጠዋቱ ሻሽ ከግንባሯ ላይ ወረደ። እኔም ራሴ ቀለለኝ። ጆሮዬ ግን አሁንም ይጮሃል፤ የማሽኑ ነው፣ ከእኔ ጋር ይቀበራል።

ከዚያ ቆርቆሮውን ነቀልኩት። ብርሃን ሲገባ ማማው መስኮቱ መሀል ላይ ቆሞ ታየ። ባለቤቴን በመጀመሪያው ቀን ራሷን አመማት፤ አልደብቅም። በሁለተኛውም ቀን ትንሽ አመማት። በሦስተኛው ቀን ቡና ለቀማ ወረደች፤ ወደ ማታ ቅርጫቷን ሞልታ ስትመለስ እንዳላመማት ትዝ ያላት፣ ልጄ እየሳቀች ስታያት ነው።

ለገዢው ሄጄ ሐሳቤን እንደቀየርኩ ነገርኩት። ተቆጣ፤ የመቆጣት መብት ነበረው። የባሰው የእድሩ ነበር። እሁድ ተነስቼ ቆምኩ። ያን ቀን የተናገርኩበት ቦታ ላይ ነው የቆምኩት።

«ስለ ማማው የነገርኳችሁን ሳላውቅ ነው የነገርኳችሁ» አልኩ። «ቤታችሁን በቆርቆሮ ያፈናችሁ ክፈቱ። ዛሬውኑ። ከሰልም ቀይ ሆነ ጥቁር፣ የምትተኙበት ቤት አይግባ።»

ልጇን ከትምህርት ቤት ያስቀረችው እናት ተነሳች። «እና ልጄ ራሷን አላመማትም ልትለኝ ነው? ውሸቷን ነው?»

«አይደለም እህቴ። አሟታል። ሕመሙ እውነት ነው። ምክንያቱን ነው የተሳሳትኩት። ጤና ጣቢያ ውሰጂያት፤ ዓይኗም ሊሆን ይችላል፣ ቁርሷም ሊሆን ይችላል። እኔ አላውቅም።»

«አላውቅም!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ፕሮፌሰር አላውቅም አለ! ጻፉት፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ!»

ስብሰባው በሳቅ ተናጋ። ተቀየምኩ፤ ከዚያ እኔም ሳቅሁ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። «አንተ ባስመታኸው ምስማር ጣቴን ቀጥቅጫለሁ» አለችኝ። «መጥተህ አንተው ንቀለው።»

ልክ ናት። ከሰዓት በኋላ ፒንሳና መዶሻ ይዤ ወጣሁ። ስድስት ቤት ነው። በየደጃፉ ፌዙን እየሰማሁ፣ አንዳንዱ ቤት ውኃ፣ አንዳንዱ ቤት ጠላ እየቀረበልኝ፣ የዛገውን ምስማር አንድ በአንድ ነቀልኩ። ሁለተኛው ቤት ላይ የማማው ጥበቃ ተቀላቀለኝ፤ ቆርቆሮውን ይይዝልኛል፣ ምላሱንም አያሳርፍም። መጨረሻ የደረስነው የዚያች እናት ቤት ነው። ቆርቆሮው ሲወርድ ልጅቷ ከውስጥ ሆና መስኮቱን ገፋ አድርጋ ከፈተችው፤ አንገቷን አወጣች። በእጇ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ነበር፤ እናቷ ለነገ አዘጋጅታላታለች።

«ያ የፈራነው ይኸ ማማ ነው?» አለች ወደ ኮረብታው እያየች።

«ይኸ ነው» አልኳት።

«ትንሽ ነው» አለችና ቦርሳዋን ይዛ ወደ ውስጥ ተመለሰች።